ምርጡን ጎመን አትቀንጥሱት

«ዘር ከየት ነው የምታመጪው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጓሮዬ ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ሰፊ አይደለም። ግን ጎመኑም፣ በሶብላውም፣ ቃሪያውም፣ ዱባውም ከዓመት ዓመት ከራሱ ዘር ነው የሚበቅለው። አንዳንዱ የእናቴ ዘር ነው፤ አንዳንዱ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ፤ አንዳንዱ ከጎረቤት የተለመነ። ለየሰዉ በስልክ ከማስረዳ የማውቀውን አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የአገር ዘር ማቆየት ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው አፈሩንና ውሃውን ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ወጥ ቤቱ ነው። ለዘር የሚሆነው ከተከላችሁት ሁሉ ምርጡ እግር ነው። ምርጡ እግር ደግሞ ሁሉም ሰው ለድስት የሚመኘው ነው። ቅጠሉ የሰፋ፣ ግንዱ የወፈረ፣ ክሽክሽ የሚሉት ደቃቅ ተባይ ያልደረሰበት ጎመን ስታዩ እጃችሁ አርፎ አይቀመጥም። ስለዚህ ጠንካራው ይበላል፣ የተረፈው ኮስማና ለዘር ይቀራል። ይኼ እየተደጋገመ ይሄድና «የዱሮ ጎመን እኮ ጠፋ» እንላለን። የት ይጠፋል? በላነው እንጂ!

እኛ ቤት መላ የሆነው ቀይ ጨርቅ ነው። ለዘር የመረጥኩትን እግር ገና በልጅነቱ ግንዱ ላይ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አስርበታለሁ። ጨርቅ ያለበት አይነካም፤ እንግዳ ቢመጣም፣ ጾም ቢገባም። እማዬ መጀመሪያ ሰሞን «ለጎመን ደሞ መቀነት ታስሪለት ጀመር?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁን እሷው ናት የምታስረው።

ጀማሪ ከሆናችሁ በጎመን ጀምሩ። የሐበሻ ጎመን አገሩ እዚሁ ነው። በሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ ይባላል፤ ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን በተፈጥሮ ተዳቅሎ የመጣ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ይኼ ለጎመን ምቾት ነው። ሰኔ ላይ መሬቱ ሲርስ ይዘራል። ክረምቱን ከታች ከታች እየቀነጠሳችሁ ትበሉታላችሁ። ክረምቱ ሲወጣ መሐሉ ይመዘዝና ቢጫ አበባ ያወጣል፤ ንብ ይወረዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቀድሞ ያበበውን ለዘር አትያዙ። ቀድሞ ያበበ ጎመን ቅጠሉ ቶሎ ስለሚጠነክር «በቃ ይኼ ለዘር ይሁን» ይባላል። በየቤቱ የሚደረገው ይኼ ነው። ግን ቶሎ የሚያብበውን በመረጣችሁ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ሳይሰጥ ወደ አበባ የሚሮጥ ጎመን ነው የምታገኙት። ለዘር የሚያዘው ዘግይቶ ያበበው፣ ብዙ ጊዜ ያስበላው ነው። ከአንድ እግር ብቻም አይያዝም። ጎመን ከራሱም ከጎረቤቱም ይራባል፤ ከአንድ እናት ብቻ እየተያዘ ሲሄድ ዘሩ እየጠበበ፣ እየደከመ ይመጣል። ቦታ ከፈቀደ ከአሥር እግር በላይ ብትተዉ ጥሩ ነው። ቦታ ከሌለ ከጎረቤት ጋር ተከፋፍላችሁ ተዉና ዘሩን ቀላቅሉት።

ቆባው እንደ ገለባ ሲነጣ፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ቡናማ ሲሆን ደርሷል። ጧት ጤዛው ሳይነሳ ቁረጡት። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ከነካችሁት ቆባው ይፈነዳል፣ ዘሩም መሬት ይቀራል። ግንዱን ዘቅዝቃችሁ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱና ጥላ ላይ ስቀሉት። ሲደርቅ ከረጢቱን በዱላ መታ መታ አድርጉት፤ ከዚያ በሰፌድ ማበጠር ነው። ለዘር የሚበቃው እፍኝ ነው። የተረፈው ጎመንዘር የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። እማዬ ከቀይ ጨርቁ ጋር የታረቀችው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዘር ግዢው። ቅዳሜ ገበያ ዘር በጨርቅ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ወረቀት የለው፣ ማሸጊያ የለው። ስለዚህ መጠየቅ ነው። የት የበቀለ ነው? የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና? መድኃኒት ነክቶታል? አንዷን እማማ ስለ ነጭ ሽንኩርት ጠይቄያቸው «አይ ልጄ፣ ይኼ የወገራ ነው፣ ብርድ የለመደ ነው። ወዳንቺ ይሞቀው ይሆናል። ጥቂት ወስደሽ ሞክሪው፤ ከወደደሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። እንዲህ የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑ። «ሁሉም ቦታ ይበቅላል» የሚላችሁን ግን እለፉት። ነጭ ሽንኩርት ስትገዙ ትልቁን ራስ ምረጡ፤ ከራሱም ትልልቁን ፍሬ ትከሉ። ሥሩ አካባቢ ነጭ ሻጋታና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን አትንኩት፤ ያ በሽታ አንዴ መሬት ውስጥ ከገባ ለብዙ ዓመት አይለቅም።

የሱቁ ዘር ሌላ ነው። በቆርቆሮና በፖስታ ታሽጎ ይመጣል። ማሸጊያው ላይ ኤፍ ዋን (F1) የሚል ካለ ድቅል ነው። ድቅል መጥፎ ነው አልልም፤ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ያዋጣዋል። ችግሩ፣ ከእሱ የያዛችሁት ዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ከገበያ ቲማቲም ዘር አውጥቼ ሞክሬ አይቻለሁ፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ጭራሽ ሳያፈራ ቀረ። ድቅል ያልሆኑም ሱቅ አሉ። ሮማ ቪኤፍ ቲማቲም፣ ማረቆ ፋና በርበሬ፣ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ሽንኩርት ዘራቸው ተይዞ መልሶ የሚዘራ ነው። ሌላው የምታዩት ቀለሙን ነው። ደመቅ ያለ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የተቀባ ዘር የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ነው። በባዶ እጅ አትነካኩት፣ የተረፈውን ለዶሮ አትበትኑት። ኦርጋኒክ ጓሮ ለሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያውም አይሆንም።

ቅመም ግን ሌላ መንገድ አለው። የዘር ሱቅ አትፈልጉ፤ ቅመም ተራ ሂዱ። ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ሰናፍጭ እዚያ በእፍኝ የሚሸጠው ራሱ ዘር ነው። መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳት ነክቶታል ወይ? የታመሰ አይበቅልም። ጥቁር አዝሙድ ደንቢያ በሰፊው ይዘራል፤ ስለዚህ የአካባቢያችንን የለመደ ዘር ማግኘት አይከብድም። አብሽና አዝሙድ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ብትዘሩት በመሬቱ እርጥበት ይወጣል። ድንብላሉን ከመዝራታችሁ በፊት በመዳፋችሁ አሸት አሸት አድርጉት። አንዱ ክብ ፍሬ በውስጡ ሁለት ዘር ነው የያዘው፤ ሲሰነጠቅ ቶሎ ይወጣል።

በሶብላም እንዲሁ ነው። ለሽሮና ለበርበሬ የምንገዛው ደረቅ የበሶብላ እስር አበባው ውስጥ ዘሩ አለ። ነጭ ወረቀት ላይ ፈርፍሩት፤ ጥቁር፣ ደቃቅ፣ አሸዋ የመሰለ ነገር ይወርዳል። ዘር መሆኑን ለማወቅ ጥቂቱን ውሃ ላይ ጣል አድርጉ። ትንሽ ቆይቶ እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን በቀጭን ዝልግልግ ነገር ይከበባል። ያ የበሶብላ ዘር ነው። ሲዘራ ጥልቅ አይቀበርም፤ ብርሃን ይፈልጋል። ደቃቅ አፈር ላይ በትናችሁ በእጃችሁ ጫን ጫን ማድረግ ይበቃል። ውሃውን በሚንጠባጠብ ነገር ስጡት፤ በጆግ ካፈሰሳችሁበት ዘሩ ታጥቦ ጥግ ላይ ይከማቻል።

ጤና አዳምና ኮሰረት ዘር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ቅርንጫፍ ቆርጦ እርጥብ አፈር ውስጥ መሰካት ነው። ጤና አዳም የማያጣ ቤት ስለሌለ ለቡና በሄዳችሁበት ለምኑ። ግን ጤና አዳም ስትቆርጡ ጭማቂው ቆዳችሁን ከነካ ፀሐይ ሳይመታችሁ ታጠቡ፤ አንዳንዱን ሰው እንደ እሳት ያቃጥለዋል፣ ምልክቱም ይቆያል። ጦስኝ ደግሞ ደገኛ ነው። ከደባርቅ አካባቢ የሚመጣውን ሥር ያለው ካገኛችሁ ጠጠር የበዛበት አፈር ውስጥ ማሰሮ ላይ ትከሉት፤ ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል። ከሜዳ ነቅላችሁ ከምታመጡ ግን ያለው ሰው ከራሱ ተክል ገንጥሎ ቢሰጣችሁ ይሻላል። እየተነቀለ እያለቀ ነው።

ቲማቲምን ክረምት ላይ አትሞክሩት። ዝናቡ ሲከታተል ቅጠሉ ጠቁሮ በጥቂት ቀን ይረግፋል። መስከረም ላይ ችግኝ ብታዛውሩ ይሻላል። በጋ ላይ ደግሞ ቱታ የሚሉት ትል አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ አገራችን የገባ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ እየሄደ ነጣ ነጣ ያለ መንገድ ያወጣል። እኔ የተጠቃውን ቅጠል እየቀነጠስኩ በፌስታል ቋጥሬ ፀሐይ ላይ አኖረዋለሁ። በዚህ ምክንያት በቲማቲም ብዙ አልመካም። ዘር አያያዙ ግን ቀላል ነው፤ ቲማቲም አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ነው የሚራባው፤ አንድ ሁለት ጥሩ እግር ይበቃል። በደንብ የቀላውን ፍሬ ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጨምቁት፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይብላላ። ይሸታል፤ ከወጥ ቤት አርቁት። ዘሩ ላይ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ሲለቅ ጥሩው ዘር ይዘቅጣል። አጥባችሁ ሳህን ላይ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ተጣብቆ አይለቅም።

ቃሪያ ላይ የሚያስቸግረው ጉርብትና ነው። ንብ ከሚጥሚጣ ወደ ቃሪያ ትመላለሳለች። የዘንድሮው ፍሬ ምንም አይሆንም፤ ጉዱ የሚታየው ዘሩን ስትዘሩ ነው። ለሰላጣ ያላችሁት ቃሪያ ዓይን ያስነባል። ስለዚህ ከማበቡ በፊት አንድ ሁለት ቅርንጫፍ በአጎበር ቁራጭ ሸፍኑና የአጎበሩን አፍ እሰሩት። አበባው ሲፈነዳ ቅርንጫፉን ጧት ጧት ነቅነቅ ብታደርጉት ከራሱ ይራባል። ፍሬው ሲይዝ አጎበሩን አንሱት፤ ያን ፍሬ በክር ምልክት አድርጉበት። አረንጓዴ ሳለ ዘሩ አልበሰለምና እስኪቀላ፣ እስኪጨማደድ ጠብቁት። ዘሩን ስታወጡ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ።

ዱባ ለእኔ የጓሮው ጨዋታ ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባል የለ? እርባታውም ለየቅል ነው። ዱባ ከቅል ጋር አይዳቀልም፤ አጥር ላይ ጎን ለጎን ቢሄዱም ግድ የለም። ዱባ ከሌላ ዱባ ጋር፣ አንዳንዱም ከዝኩኒ ጋር ግን ይዳቀላል። ጎረቤታችሁ ሌላ ዓይነት ዱባ ካለው የእናንተ ጣፋጭ ዱባ በዘሩ ውሃ ውሃ የሚል ሊወጣ ይችላል። ዘር ከልጓም ይስባል። ስለዚህ እርባታውን በእጅ መሥራት ነው።

አበባዎቹን እዩ። ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት አላት፤ ወንዱ ቀጥ ያለ ቀጭን አገዳ ላይ ነው ያለው። ነገ የሚፈነዳው አበባ ዛሬ ማታ ጫፉ ቢጫ ይሆናል። ማታ ላይ የሁለቱንም ጫፍ በክር ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ንብ እንዳይገባ ነው። ጧት ፀሐይ ሳይበረታ ወንዱን ቁረጡ፣ ቅጠል ቅጠሉን ላጡት፣ መሐል የቀረውን ቢጫ ዱቄት ያለበትን ዘንግ ሴቷ መሐል አሹት። ከሌላ እግር የመጣ ወንድ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ሴቷን መልሳችሁ እሰሯት። አገዳዋ ላይ ክር አንጠልጥሉ፤ ያቺ ናት የዘር ዱባ። እብጠቷ ቢጫ ሆና ከወደቀች አልያዘችም፣ በሌላ ሞክሩ። ከያዘች አገዳዋ እስኪደርቅ አትንኳት። ከተቆረጠችም በኋላ ሳትከፈት ጥቂት ሳምንት ትቆይ፤ ዘሩ ውስጥ ሆኖ ይበስላል። ስትከፍቷት ሥጋዋን ትበላላችሁ፤ ምንም አይባክንም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ዱባ ወይም ዝኩኒ ቀምሳችሁት መራራ ከሆነ ትፉት፣ ዘሩንም አታስቀሩ። መራራው መርዝነት አለው፤ ሆድ ያቆስላል።

ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ላይ አትድከሙ። ለማበብ ረዘም ያለ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ፤ የእነሱን ዘር መግዛት ይሻላል።

ስለ አፈር አጭር ልበል። አዘዞ መረሬ፣ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ይጨቀያል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ዳርና ዳሩን ቦይ አውጡለት። ፍጉ የበሰለ ይሁን፤ ትኩስ አዛባ ሥር ያቃጥላል። ክሽክሽ ሲመጣ ጧት በጤዛው አመድ ነስንሱበት፤ የባሰበትን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቁ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አትክልትና ጥራጥሬ የታጠበበትን በጀሪካን እናጠራቅማለን፤ ሳሙና የነካውን አንጨምርም። ሥሩ ላይ ጭድ ከለበሰ ውሃው ይበረክታል።

ዘሩ ከደረቀ በኋላ በወረቀት ፖስታ፣ ፖስታውን ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጉት። ታምሶ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ ከሥሩ ብታስቀምጡ እርጥበቱን ይስባል። እማዬ አሁንም በቅል ነው የምታስቀምጠው፤ አመድ ትቀላቅልበታለች፣ ነቀዝ አይደፍረውም። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አታምኑት። ቃሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ጎመን፣ ቲማቲምና ዱባ አራት ዓመት ገደማ ይሄዳሉ። ከመዝራታችሁ በፊት አሥር ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩ። ሰባት ስምንት ከበቀለ ጥሩ ነው። አምስት ከሆነ ደርባችሁ ዝሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

ደግሞ ዘር ለሰው ስጡ። ይኼን ለጽድቅ አይደለም የምለው። አንድ ሐምሌ ላይ በረዶ ወርዶ ጎመኔን ከነግንዱ ሰባበረው። ቀይ ጨርቁ ብቻ ቀረ። አምና ዘር የሰጠኋት ጎረቤቴ ቤት ግን ዛፉ ከልሎለት ተርፎ ነበር፤ ያንኑ ዘር መልሳ ሰጠችኝ። አዲስ አበባ ያለው የጂን ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የአገር ዘር ያስቀምጣል። ባንኩን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘር ባንክ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅ፣ በማሳው ላይ ይቆይ ብለው ሲሠሩ ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። የእኛ ባንክ ደግሞ ከአጥር ወዲያ ማዶ፣ ጎረቤት ቤት ነው።

ስትሰጡ ግን ፖስታው ላይ ጻፉበት። የምን ዘር እንደሆነ፣ የት እንደበቀለ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተያዘ። አንዲት ዘመዴ በመሐረብ ቋጥራ የሰጠችኝ ደቃቅ ቡናማ ዘር መሳቢያ ውስጥ አለ። እሷ ጎመን ነው ትላለች፤ እማዬ አይታው ሰናፍጭ ነው አለች። ሰኔ ሲገባ ጥግ ላይ ዘርቼ አየዋለሁ።